የመኪና ፋብሪካ ሲከስር መንግሥት ያድነው ወይስ ይተወው?

የማርቆስ ሹፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መኪና የሚያመርት ወይም የሚገጣጥም ድርጅት ሲከስር መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ ያድነው ወይስ ይዘጋ ብሎ ይተወው? አሜሪካ እነ ጄኔራል ሞተርስን እንዳዳነች ሁላችንም ሰምተናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የራሳችን አገር ነገር ነው።

ከብቸናና ከደጀን ጤፍ እየጫንኩ ወደ አዲስ አበባ አመላልሳለሁ። መኪናዬ እዚሁ አገር ውስጥ የተገጣጠመች ትንሽ የጭነት መኪና ናት። ስገዛት "መለዋወጫው እዚሁ፣ ጋራዡም እዚሁ ነው" ተብዬ ነው። ድርጅቱ ተዘጋ፣ ስልካቸውም አይነሳም። ባለፈው የፍሬን ማስተሯ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። ችግሩ አንዲት ጎሚኒ፣ ዘይቱ እንዳይፈስ የምትይዘው የጎማ ቀለበት፣ ናት። ማርቆስ ያሉትን መለዋወጫ ቤቶች አዳረስኩ። አንዱ አሮጌዋን ጎሚኒ ተቀብሎኝ መደርደሪያው ላይ ካሉት ጋር አንድ በአንድ እያስተያየ ለካና "የአይሱዙው ይሰፋል፣ የቶዮታው ይጠብባል፣ የዚች አይመጣም ወንድሜ" አለኝ። በመጨረሻ ቶርኖ ቤት ወሰድኩትና ማስተሩን የሌላ መኪና ጎሚኒ እንዲቀበል አድርገው አስተካከሉልኝ። ለጊዜው ይሠራል። ግን ሙሉ ጭነት ይዤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ፣ ያንን ጠመዝማዛ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ሐሳቤ እዚያች ጎሚኒ ላይ ነው።

መንግሥት ያን ድርጅት ደግፎት ቢሆን ኖሮ እኔ እንዲህ እሆን ነበር? እስካሁን ይደገፍ ባይ ነኝ። ምክንያታችሁን ጻፉልኝ እንጂ "ይደገፍ"፣ "አይደገፍ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

ጮቄ፦
አይደገፍ። የመኪናህ ነገር ያሳዝናል፣ እግዜር ይጠብቅህ። ግን የድርጅቱ ባለቤት ሲያተርፍ ለማን አካፈለ? ሲከስር ለምን ለእኛ ይከፋፈላል?

ላንድሮቨርን ጎጃም ውስጥ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ያቺ መኪና በአንድ ወቅት ብሪቲሽ ሌይላንድ የሚባል ትልቅ የእንግሊዝ ኩባንያ ንብረት ነበረች። ኩባንያው ሊወድቅ ሲል እ.ኤ.አ. በ1975 መንግሥት ያዘው። ከዚያ በኋላ ከግምጃ ቤት ገንዘብ ሲፈስበት ኖረ፤ አድማው አልቆመም፣ የመኪኖቹም ጥራት ስሙን አጠፋው። በኋላ እየተቆራረጠ ተሸጠ። የመጨረሻው ቅሪት፣ ኤምጂ ሮቨር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዘጋ 6,000 ያህል ሠራተኛ ሥራ አጣ። ላንድሮቨር ዛሬ የህንዱ ታታ ናት፣ የኤምጂን ስም ደግሞ ቻይኖች ይዘውታል። ያ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶ እንኳ ኩባንያው የእንግሊዝ ሆኖ አልቀረም።

እኛም አገር ሆላንድ ካር ነበረ፣ ሞጆ ላይ እየገጣጠመ መኪኖቹን አባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ እያለ በወንዞቻችን ስም የሚጠራው። ሲዘጋ አዝነናል። መገጣጠሙ ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይነሳል።

ደግሞ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በቆሎው በአጨዳ ሰሞን ዋጋ ሲወድቅበት፣ ማዳበሪያውን በውድ ገዝቶ ምርቱን በርካሽ ሲሸጥ፣ ማን "አይክሰር" ብሎ ደረሰለት? ይሄ ሳይመለስ ስለ መኪና ፋብሪካ ማውራት አይዋጥልኝም።

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦
ጮቄ፣ የእንግሊዙን ጥሩ አድርገህ አነሳኸው። የአሜሪካው ግን ሰው በወሬ ከሚያውቀው ይለያልና ዘርዘር ላድርገው።

እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ባንኮቹ ሲናወጡ መኪና በብድር የሚገዛ ሰው ጠፋ። አሜሪካ ውስጥ መኪና በአብዛኛው የሚገዛው በብድር ስለሆነ ፋብሪካዎቹ ወዲያው ተንቀጠቀጡ። የጄኔራል ሞተርስ፣ የክራይስለርና የፎርድ አለቆች በየግል አውሮፕላናቸው ዋሽንግተን ሄደው ከምክር ቤቱ ገንዘብ ጠየቁ። ሕዝቡ በጣም ተቆጣ። ቢሆንም ፕሬዚዳንት ቡሽ በዓመቱ መጨረሻ ለጄኔራል ሞተርስና ለክራይስለር 17.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀዱ። ኦባማ ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ "ያቀረባችሁት ዕቅድ አይበቃም" ብለው የጄኔራል ሞተርሱን አለቃ ሪክ ዋጎነርን ከወንበሩ እንዲነሳ አደረጉ። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 ኩባንያው ፍርድ ቤት ሄዶ ኪሳራ አወጀ።

ሰው የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የድሮዎቹ ባለአክሲዮኖች ድርሻ ባዶ ወረቀት ሆነ። ቦንድ የገዙ አበዳሪዎች አብዛኛውን ገንዘባቸውን አጡ። ፖንቲያክ፣ ሳተርንና ሐመር ተዘጉ፣ ፋብሪካዎችና የሽያጭ ቤቶችም ተቀነሱ። አዲሱን ኩባንያ መንግሥት 61 በመቶ ያህል ያዘውና የመጨረሻ አክሲዮኑን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ሸጦ ወጣ። ጄኔራል ሞተርስ ላይ ካወጣው 49.5 ቢሊዮን ዶላር የተመለሰለት 39 ቢሊዮን አካባቢ ነው። ልዩነቱን ግብር ከፋዩ ነው የዋጠው። ስለዚህ ሥራው ዳነ፣ ባለቤቶቹ ግን አልዳኑም። እኔ የምደግፈው እንዲህ ያለውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎርድ ከዚያ የማዳኛ ገንዘብ አልወሰደም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ንብረቱን አስይዞ ብዙ ብድር ወስዶ ስለነበር መቆም ችሏል። ግን ተፎካካሪዎቹ እንዲድኑ ምክር ቤት ቀርቦ ደግፏል። ምክንያቱም የመለዋወጫ አምራቾቹ የጋራ ናቸው። ለጄኔራል ሞተርስ መቀመጫና ፍሬን የሚሠራው ድርጅት ለፎርድም ይሠራል። ትልቁ ደንበኛው ዕዳውን ሳይከፍለው ቢወድቅ እሱም ይወድቃል፣ ከዚያ የፎርድም መስመር ይቆማል። ጮቄ "አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይነሳል" ያልከው አንድ ብቻውን ሲወድቅ ነው።

የዳንግላ ልጅ፦
እኔ መገጣጠሚያ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም። መምህር የነገሩን የመለዋወጫ አምራቾች ሰንሰለት እኛ ጋ የለም ማለት ይቻላል። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ኮፋኖው፣ ሁሉም ተፈትቶ በኮንቴይነር ነው የሚመጣው። እኛ እንገጥማለን፣ ሽቦ እንዘረጋለን፣ እንፈትሻለን። ኮንቴይነሩ ካልመጣ ሥራ የለም። ኮንቴይነሩ ደግሞ ኤልሲ (ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ካልተከፈተ አይመጣም፣ ኤልሲውም ዶላር ካልተገኘ አይከፈትም። ለወራት የመገጣጠሚያው መስመር ቆሞ ወለል ስንጠርግ የከረምንበት ጊዜ ነበር። ደንበኛው በብር ቅድሚያ ከፍሏል፣ ብሩ ባንክ ተቀምጦ ዋጋው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 የብር ምንዛሪ በአንድ ጊዜ በ17 በመቶ ያህል ሲወርድ፣ በሐምሌ 2024 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ በድሮው ዋጋ መኪና ለመስጠት የተዋዋለ ድርጅት ምን ይዋጠው?

እና ሁሉንም ኪሳራ በባለቤቱ ስንፍና ላይ አትለጥፉ። እኛን ያስቆመን የሥራ ችሎታ ማነስ አልነበረም። ለእኔ የመንግሥት ድጋፍ ማለት ፋብሪካው ከወደቀ በኋላ የሚሰጥ ገንዘብ ሳይሆን፣ ሥራ ላይ እያለ ዶላሩን በወቅቱ ማግኘቱ ነው። ስንበተንም የወራት ውዝፍ ደመወዛችን ሳይከፈለን ነው የወጣነው። ጓደኞቼ አሁን ባህር ዳር ባጃጅ ይነዳሉ። እነዚህ ልጆች ኤሌክትሪክ ሥርዓቱን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚዘረጉ ነበሩ።

የማርቆስ ሹፌር፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ የባለአክሲዮኖቹን ነገር ጭራሽ አልሰማሁም ነበር። ግን እርስዎ እንዳሉት ሥራውን ከባለቤቱ ለይቶ ማዳን እኛ አገር በምን ሕግ ይሆናል? ፍርድ ቤት ሲገባ ሐራጅ እንጂ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

የጣና ልጅ፦
ወንድሜ፣ ባንክ ብድር ክፍል ስለምሠራ ይህን እኔ ልመልስልህ። ሕጉ አለ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአብዛኛው ተሽሮ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ወጥቷል። አዲሱ ሕግ ድርጅት ሊከስር ሲል ወደ ሐራጅ ከመሄዱ በፊት በፍርድ ቤት ሥር ዕዳውን እንደገና የሚያዋቅርበትና ሥራውን እየሠራ የሚያገግምበት ሥርዓት አስቀምጧል። ጽንሰ ሐሳቡ መምህር ከነገሩን ከአሜሪካው ጋር ይቀራረባል። ችግሩ ብዙ ባለሀብት ፍርድ ቤት የሚሄደው ካዝናው ባዶ ሆኖ፣ ማሽኑም ተሸጦ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ የሚያገግም ነገር አይኖርም።

የዳንግላ ልጅ፣ የደመወዛችሁ ነገር አንጀቴን በልቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛ ክፍያ ከሌላው ዕዳ ይቀድማል ይላል። ውዝፉ በጽሑፍ ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትተዉት።

ባንክ ምን እንደሚያደርግም ልንገራችሁ። ፋብሪካው ብድር ሲወስድ መያዣው መሬቱ፣ ሕንፃውና ማሽኑ ነው። ሲከስር ባንኩ እነዚህን ሸጦ ገንዘቡን ያስመልሳል። መጋዘን ውስጥ ያለው መለዋወጫ በጅምላ ተሽጦ ይበተናል፣ የክፍሉ ቁጥር የተጻፈበት ካታሎግ ሳይቀር ይጠፋል። መኪናዋን ለገዛው ሰው የሚያስብ አንድም ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ የለም። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ የሚገባ ከሆነ መጀመሪያ ባለቤቱ ድርሻውን ይልቀቅ፣ ቀጥሎ ውዝፍ ደመወዝ ይከፈል፣ የመለዋወጫው መጋዘንም እንደተሟላ ለሚረከበው ይተላለፍ። ገና ፈቃድ ሲሰጥ ደግሞ እያንዳንዱ ገጣጣሚ ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ቢገደድ፣ ሲዘጋ እንኳ ገዢው ሜዳ ላይ አይቀርም።

ጮቄ፦
እህቴ፣ አሁን ያልሽው ይገባኛል። ባለቤቱ ለቆ፣ ሠራተኛው ተከፍሎት፣ በፍርድ ቤት ሥር የሚሆን ከሆነ አልቃወምም። ግን በብድር ይሁን፣ ወለዱም የሚመለስበት ቀንም ይጻፍበት። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1979 የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና አግኝቶ በ1983 ከቀነ ገደቡ ቀድሞ ከፍሏል፣ መንግሥትም አትርፎበታል። ይቻላል ማለት ነው። በስጦታ መልክ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው እቃወማለሁ።

የዳንግላው ልጅ ያነሳው የዶላር ጉዳይ ላይ ግን አልስማማም። ዶላር ለመገጣጠሚያ ቅድሚያ ይሰጠው ከተባለ ከመድኃኒትና ከማዳበሪያ ላይ ነው የሚቀነሰው። የቡሬና የጃቢ ገበሬ ሰኔ ላይ ዩሪያ ሲያጣ ያየ ሰው ይህን አይልም። የከሰረ ገበሬም እዳው እንደገና የሚዋቀርበት መንገድ ይኑረው፣ እንደ ፋብሪካው ሁሉ።

የዳንግላ ልጅ፦
ማዳበሪያ ይቅደም፣ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። እኔ የምለው ፈቃድ ስትሰጥ ዶላር እንደማትሰጥ ካወቅህ መጀመሪያውኑ ፈቃዱን አትስጥ ነው። ከአገር ቤት ልጅ ሰብስበህ፣ ሥራ አስተምረህ፣ በዓመቱ መበተን የለብህም። የጣና ልጅ፣ የውዝፉን ሰነድ ይዤዋለሁ፣ የት እንደምወስደው በውስጥ ጻፊልኝ።