ሁለት ሦስት ቤት ኖሯችሁ ባትሪ ላስገባችሁ፦ የታክስ ክሬዲቱ ነገር

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ቨርጂኒያ ውስጥ ያከራየነው ታውንሃውስ አለን፣ ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ ለእረፍት የምንሄድባት ትንሽ ቤት አለችን። በ2025 ሦስቱም ቤት ላይ መብራት የሚያጠራቅም ባትሪ አስገባን። የሸጠልን ሰው ለሦስቱም ከወጪው 30 በመቶ ታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከምንከፍለው ታክስ ላይ የሚቀነስ፣ ታገኛላችሁ ብሎናል። እውነት ነው?

—

ሰላም እህቴ። ለሁለቱ ልክ ነው፣ ለታውንሃውሱ ግን አይደለም። በፎርም 5695 የሚጠየቀው የመኖሪያ ቤት ክሬዲት ቤቱ የማን ነው ሳይሆን ማን ይኖርበታል የሚለውን ነው የሚያየው። የምትኖሩበት ቤት ምንም ጥያቄ የለውም። የእረፍቷም ቤት ካላከራያችኋት ትገባለች፣ የግድ ዋና መኖሪያ መሆን የለባትም። ታውንሃውሱ ውስጥ ግን እናንተ ስለማትኖሩ ባትሪው እንደ ንግድ ንብረት ነው የሚታየው። የንግዱ ክሬዲት በፎርም 3468 ነው የሚጠየቀው፣ ሕጉም ሌላ ነው፤ ኪራይ ቤት ጠንቅቆ የሚያውቅ አካውንታንት ይየው። እባካችሁ ሻጭ የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ ፋይል አታድርጉ፣ አይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) ጥያቄ ካለው የሚጽፈው ለእናንተ ነው።

የእያንዳንዱ ባትሪ አቅም ቢያንስ 3 ኪሎዋት ሰዓት መሆን አለበት። የሠራተኛውና የሽቦ ዝርጋታው ወጪም አብሮ ይታሰባል። ባትሪው በሊዝ (በኪራይ) ከሆነ ግን ክሬዲቱ የእናንተ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ቀኑን ተመልከቱ። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ይህን ክሬዲት ከዲሴምበር 31፣ 2025 በኋላ ላለ ወጪ ዘግቶታል። የሚቆጠረው ደግሞ ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ሳይሆን ተከላው ያለቀበት ነው። አንዱ ቤት ላይ በ2025 ከፍላችሁ ሥራው ጃንዋሪ 2026 ላይ ካለቀ፣ ያ ቤት ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የተከላውን መጨረሻ የሚያሳይ ወረቀት ለየቤቱ ለየብቻ ያዙ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ወገኖቻችንን ስለሚነካ። ይህ ክሬዲት ያለባችሁን የገቢ ታክስ ይቀንሳል እንጂ ከዚያ የተረፈው እንደ ሪፈንድ እጃችሁ ላይ አይመጣም። 15,000 ዶላር ላወጣ ሰው ክሬዲቱ 4,500 ነው። የገቢ ታክሱ 3,000 ብቻ ከሆነ 1,500ው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ኡበር ወይም ታክሲ የምትነዱ ደግሞ፣ ለራሳችሁ ስለምትሠሩ የምትከፍሉትን ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ጭራሽ አይነካም። ይህን ሳያውቅ በክሬዲቱ ተስፋ ብድር የሚገባ ሰው አለ፣ በጣም ያሳዝናል።

—

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ታውንሃውሱን ለአካውንታንት እወስደዋለሁ። አዲስ አበባ እናታችን ቤት ያስገባነውስ? መብራት ስለሚጠፋባቸው ገዝተን ልከን ነበር። ደግሞ ታናሽ ወንድሜ በ2023 እዚሁ ቤቱ ላይ አስገብቶ ክሬዲቱን ሳይጠይቅ ቀረ።

—

የአዲስ አበባው አይሆንም፣ ቤቱ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት። የወንድምሽ ግን አልረፈደም። 1040-ኤክስ የሚባለውን የማስተካከያ ፎርም ሞልቶ የ2023ቱን የታክስ ፋይል ማስተካከል ይችላል። ጊዜው ፋይል ካደረገበት በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነው። በ2024 ኤፕሪል ላይ በወቅቱ አስገብቶ ከሆነ እስከ ኤፕሪል 2027 አለው። ደረሰኙን ከአሁኑ ይፈልግ፣ የተከለለት ድርጅት ከተዘጋ ወረቀት ማግኘት ከባድ ነው።