የዉድስ ላምፕ ካላበራ ቆረቆር አይደለም ማለት ነው?

ጠያቂ (አራት ኪሎ፣ መዋዕለ ሕፃናት)
ከአንድ ክፍል የአራት ልጆች ራስ ላይ ፀጉሩ ክብ እየሠራ ተሰባብሯል፣ ቅርፊትም አለው። በዉድስ ላምፕ (አንዳንድ ፈንገሶችን የሚያበራ የአልትራቫዮሌት መብራት) ሲታይ አላበራም። ክሎትሪማዞል የሚባለው የፈንገስ ቅባት ሦስት ሳምንት ተቀብቶም ለውጥ የለም። ወላጆቻቸው ጤነኛ ናቸው። ቆረቆር ሊሆን ይችላል?

ከላብራቶሪ
ይችላል እንጂ። እዚህ አገር የሚበዛው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ፈንገስ ስፖሩን (የሚራባበትን ጥቃቅን ዘር) የሚያፈራው ፀጉሩ ውስጥ ስለሆነ አያበራም። አረንጓዴ የሚያበራው ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ማይክሮስፖረም ካኒስ ነው። ለናሙና ፀጉሩን በመቀስ አይቁረጡ፤ የሚፈለገው ጉቶውና (የተሰበረው ፀጉር ሥር) ቅርፊቱ ነው። በንጹሕ የጥርስ ብሩሽ ቢቦረሽም ይበቃል። ወረቀት ውስጥ አጥፈው ይላኩት፤ ፕላስቲክ ውስጥ ይረጥብና ባክቴሪያ ይወርሰዋል። በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ተነክሮ በማይክሮስኮፕ በዕለቱ ይታያል፣ ካልቸር (ፈንገሱን አሳድጎ መለየት) እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ቅባቱ ካልቸሩን ሊያከሽፈው ስለሚችል መቀባታችሁን ጻፉበት።

የቆዳ ሐኪም
ቅባት ፀጉሩ ውስጥ አይዘልቅም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ግሪሲዮፉልቪን በቀን በኪሎ 20 ሚሊግራም ገደማ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፦ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን 300 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ አይሰርግም። (ሕፃኑ ባይጾምም ቤቱ ሲጾም ወተት ይጠፋል፤ የኦቾሎኒ ቅቤ ይተካዋል።) ለቫዮላሲየም ተርቢናፊን 4 ሳምንት ይበቃል፦ በቀን ከ10 እስከ 20 ኪሎ 62.5 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ እስከ 40 ኪሎ 125 ሚሊግራም። ኪቶኮናዞል እንክብል ግን አይሰጥ፣ ጉበት ይጎዳል። የኪቶኮናዞል ሻምፖ ሌላ ነገር ነው፤ በሳምንት ሁለቴ አምስት ደቂቃ አቆይተው ሲያጥቡበት ስፖሩን ይቀንሳል፣ ብቻውን ግን አያድንም።

ወላጆቹ የተረፉት ከጉርምስና በኋላ የራስ ወዝ ስለሚበዛና በውስጡ ያሉት አሲዶች ፈንገሱን ስለሚገቱት ነው። ወዛቸው የቀነሰ ያረጡ ሴቶችን ግን ይይዛል፤ ፎረፎር እየተባለ የሚታለፈውም እነሱ ላይ ነው። ስለዚህ እናትና አባት ደህና ናቸው ብላችሁ ሴት አያትየዋን አትዝለሉ። ምልክት የሌለው ወንድም ወይም እህትም ተሸካሚ ሊሆን ይችላል።

አብጦ መግል የቋጠረውን (ኬሪዮን ይባላል) እንደ እባጭ አታስበጡት። የሚከተለው ጠባሳ ነው፣ በጠባሳ ላይ ፀጉር አይበቅልም።

ፀጉር ቤት
ቶንዶሱን አትርሱት። ቁራጭ ፀጉሩ በብሩሽ ሳይራገፍ አልኮል ቢረጭበት ከሥሩ ያለው ስፖር አይነካም። ማበጠሪያና የፕላስቲክ ጥርሱ ከታጠቡ በኋላ 1 እጅ በረኪና (5 በመቶ የሚለው) በ9 እጅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፉ። ምላጩን በረኪና ውስጥ አትክተቱ፣ ይዝጋል።

የቆዳ ሐኪም
ልጆቹ መድኃኒቱን ከጀመሩ ቤት ማስቀረት አያስፈልግም፣ መላጨትም እንዲሁ። ኮፍያና ሻሽ ግን አይዋዋሱ።