የእናቴ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ዝቃጭ ተገኘ፤ ከረጢቱ ይውጣ ወይስ እንጠብቅ?

ሐኪሞችና ይህ የገጠማችሁ ሰዎች ብትረዱኝ።

እናቴ 56 ዓመቷ ነው። ስኳርም ግፊትም የለባትም። ባለፈው ወር ከባድ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ በቀን 2 ግራም በደም ሥር ይሰጣት ነበር፤ ምግብም እምብዛም አልበላችም። ከወጣች በኋላ ከቀኝ የጎድን አጥንቷ ሥር ያማት ጀመር፣ በተለይ ቅባት የበዛበት ወጥ ስትበላ። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተብሎ ኦሜፕራዞል ታዘዘላት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ዝቃጭ (ወፍሮ የዘቀጠ ሐሞት) አለ፣ ጠጠር ግን የለም። የከረጢቱ ግድግዳ 2 ሚሊሜትር፣ የሐሞት ቱቦው 4 ሚሊሜትር፤ ሁለቱም ደህና ናቸው ተባለ። የጉበትና የቆሽት ምርመራዋም ጤናማ ነው። ትኩሳት የላትም፣ ዓይኗም ቢጫ አልሆነም።

አንዱ ሐኪም ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ይውጣ አሉ። ሌላዋ ሐኪም ደግሞ ሴፍትሪያክሶን ራሱ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ እንዲህ ዓይነት ዝቃጭ እንደሚፈጥር፣ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እንደሚጠፋ ነገሩን። ጎረቤት የወይራ ዘይት በሎሚ ትጠጣ ይላል፤ እሱን ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ።

አሁን ቅባት ቀንሳለች፤ ሕመሙ ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። ጾም ሊገባ ነው፣ እሷ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ካልጾምኩ ባይ ናት። ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ሐሞትን ስለሚያረጋው ይህም ያሳስበኛል።

ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ቀዶ ሕክምናውን ከመወሰናችን በፊት፣ ዝቃጩ የመድኃኒቱ መሆኑን ለማወቅ አልትራሳውንዱን ከስንት ሳምንት በኋላ ብናስደግም ይሻላል?