«አቻ ወጡ» ወይስ «ሳይለይላቸው ተለያዩ»?

የሻርጃው፦
ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ የአንድ ቃል ነው፤ ቃሉ ጋ ለመድረስ ግን ትንሽ ታግሡኝ።

እዚህ ሻርጃ አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ህንዶችና ፓኪስታኖች ናቸው። ከእነሱ ጋር ውዬ ሳድር ክሪኬት ተጋባብኝ፤ ያውም አምስት ቀን የሚፈጀው፣ ቴስት የሚባለው። በፈረንጆቹ 2025 ሐምሌ እንግሊዝና ህንድ ማንችስተር ላይ አራተኛ ጨዋታቸውን ሲያደርጉ ሌሊት ፈረቃ ስለነበርኩ ቀን ቀን በስልኬ ተከታተልኩት። ህንድ በመጀመሪያ የመምታት ተራዋ 358 ሩጫ (ነጥቡ ሩጫ ነው የሚባለው) መታች፤ እንግሊዝ 669። ህንድ ሁለተኛ ተራዋን ስትጀምር አንድም ሩጫ ሳትይዝ ሁለት መቺ ከጨዋታ ወጣባት። አለቀላቸው ብዬ ተኛሁ። ስነቃ ግን አሉ! ከአራተኛው ቀን ምሳ በፊት ጀምረው እስከ አምስተኛው ቀን ማታ የተወረወረላቸውን ሁሉ መከቱ። መጨረሻ ላይ የእንግሊዙ አምበል ስቶክስ «ይብቃን፣ እንጨባበጥ» ብሎ ሄደ፤ የህንዶቹ መቺዎች ጃዴጃ 89፣ ሰንደር 80 ላይ ነበሩና እምቢ አሉት። ሁለቱም መቶ ካለፉ በኋላ ነው የተጨባበጡት። ህንድ 4 ሰው ወጥቶባት 425።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እንዴት ሆነ?» አለኝ። «አቻ ወጡ» አልኩት። «ስንት ለስንት?» ሲለኝ አፌ ተያዘ። ምን ልበለው? ቁጥሩ ምኑም እኩል አይደለም። በቴስት ለማሸነፍ በሩጫ መብለጥ ብቻ አይበቃም፤ የተጋጣሚህን አሥር ሰው ሁለቴ ማስወጣት አለብህ (አንዱ «በቃን» ብሎ ተራውን ካልተወ በቀር)። ያንን ሳታደርግ አምስተኛው ቀን ከመሸ አሸናፊም ተሸናፊም የለም። እንግሊዝኛው «ድሮው» ይለዋል። እኛስ?

በነገራችን ላይ ጎኔ የተቀመጠው የኬራላ ልጅ ስልኩ ላይ «አቻ» ስል ሰምቶ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። በህንድኛ «አቻ» ማለት «መልካም» ነው። ለእሱስ መልካም ነበር።

ግስ አርቢ፦
«አቻ» የመጠን ቃል ነው። የዕድሜ አቻዬ፣ አቻ የለሽ፣ አቻ ለአቻ። ሁለት ነገር ተመዝኖ እኩል ሲመጣ። አንተ የነገርከን ግን ሚዛኑ ሳይረጋ ገበያው እንደተበተነ ነው። ስለዚህ ቃሉን «ለየ» ውስጥ ፈልግ። ሁለት ጎበዞች ሲገጥሙ «ዛሬ ይለይልን» ይባባሉ የለ? ቢመሽባቸውስ? «ሳይለይለት ቀረ» ነዋ። የኔ ድምፅ «ጨዋታው ሳይለይለት አለቀ» ለሚለው ነው።

ጋሽ ፊደል፦
ልጄ፣ መንገድህ ጥሩ ነው፤ እግረ መንገድህን ግን ጉድጓድ አለ። «እገሌ ለየለት» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው እብደት ነው። «ጨዋታው አልለየለትም» ብትል «ገና ጨርቁን አልጣለም ማለት ነው?» የሚልህ አይጠፋም። ባለቤቱን ተጫዋቾቹ አድርገው፤ «ሳይለይላቸው»። ከዚያ የሬዲዮ ስፖርት ጋዜጠኞች ያቆዩልንን አንድ ግስ ጨምርበት። «አንድ አቻ ተለያዩ» ይሉ አልነበር? እዚያ ላይ «ተለያዩ» ተሰነባበቱ ነው።

«እንግሊዝና ህንድ ሳይለይላቸው ተለያዩ።»

የመጀመሪያው «ለየ» ፍርድ ነው፣ ሁለተኛው ስንብት። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ግን አይጋጩም።

የሻርጃው፦
ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ለወንድሜ አሁኑኑ ልላክለት።

የለንደኗ፦
ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «አቻ»ን ከክሪኬት አታባርሩት፤ የራሱ ቦታ አለው። ሁለቱም ወገኖች ተራቸውን ጨርሰው፣ የመጨረሻው ሰው ወጥቶ፣ ድምሩ ልክ እኩል የሚመጣበት ጊዜ አለ። እንግሊዞች «ታይ» ይሉታል፤ ከ«ድሮው» ጋር ከቀላቀልሽባቸው ፊታቸው ይቀየራል። በ1877 ሜልበርን ላይ ከተደረገው ከመጀመሪያው ቴስት ወዲህ ከ2,500 በላይ ጨዋታ ተደርጎ የታየው ሁለቴ ብቻ ነው፤ በ1960 ብሪዝበን ላይ አውስትራሊያና ዌስት ኢንዲስ፣ በ1986 ማድራስ ላይ ህንድና አውስትራሊያ። አቻ ማለት እነዚህ ናቸው።

ወንድምህ «ስንት ለስንት» ላለህም መልስ አለው። የዚያ ክረምት አምስት ጨዋታዎች ሲደመሩ እንግሊዝ ሁለት፣ ህንድ ሁለት አሸነፉ። ማንችስተር ላይ ሳይለይላቸው ተለያዩ፤ በጠቅላላው ግን 2 ለ 2 አቻ ወጡ። ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተስማምተው ኖሩልህ።

ደግሞ ሳይለይላቸው አንለያይም ብለው የማሉም ነበሩ። በ1939 ደርባን ላይ ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ የቀን ገደብ ሳያደርጉ ገጠሙ፤ አንዱ እስኪያሸንፍ ድረስ። በፈረንጆቹ መጋቢት 3 ተጀምሮ 14 ደረሰ። እንግሊዝ 696 ያስፈልጋት ነበር፤ አምስት ሰው ወጥቶባት 654 ላይ ሳለች ዝናቡ መጣ፣ ወደ አገር የሚመልሳቸው መርከብም ሊያመልጣቸው ሆነ። 42 ሩጫ ሲቀራቸው ጥለውት ሄዱ። እነሱን መርከብ ለያቸው።

ተጠባባቂ፦
ውጤቱን ተዉት፤ እኔን የሚያናድደኝ የአሰላለፍ ቋንቋ ነው። ማን እንደሚሰለፍ የሚወስኑትን፣ «ሰሌክተር» የሚባሉትን ምን እንበላቸው? «መራጭ» ካልን ካርድ ይዞ የተሰለፈ ሕዝብ ነው የሚታየኝ።

ጋሽ ፊደል፦
«መልማይ» የሚል አለን።

ግስ አርቢ፦
መልማይ ያልታወቀ ልጅ ከየሰፈሩ የሚያወጣ ነው ጋሼ። እነዚህ ግን የታወቁትን አሰልፈው «አንተ ግባ፣ አንተ ቆይ» የሚሉ ናቸው። «ቡድን መራጭ» ብንል የምርጫ ጣቢያው ይረሳል።

ተጠባባቂ፦
ይሁን። የባሰው የሚያስወጡበት ቃል ነው። አንዱን ሲያስቀሩት «ተቀነሰ» አይሉም፤ «ዕረፍት ተሰጠው» ነው። ሹም ሲነሳ «ወደ ሌላ ኃላፊነት ተዛወረ» እንደሚባለው።

የሻርጃው፦
ሁልጊዜ ሽፋን አይደለም ወንድሜ። የህንዱ ፈጣን ወርዋሪ ቡምራ በዚያ ክረምት ከአምስቱ ጨዋታ ሦስቱን ብቻ እንደሚሰለፍ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ጀርባው ተጎድቶ የቆየ ሰው ነው። ያ እውነተኛ ዕረፍት ነው። (ህንድ ያሸነፈችው እሱ ያልተሰለፈባቸውን ሁለቱን መሆኑ እዚህ ካምፕ ስንት ሌሊት እንዳጨቃጨቀ አልነግራችሁም።)

አንተ የምትለው ዓይነት ግን የህንዱ መቺ ካሩን ናየር ነው። በፈረንጆቹ 2016 ታኅሣሥ ቼናይ ላይ እንግሊዝን ገጥሞ ሳይወጣ 303 መታ። ሦስት መቶ! በቀጣዩ ጨዋታ ከአሥራ አንዱ ውስጥ የለም። ለምን? ተጎድቶ የቆየው ራሃኔ ዳነ፤ ቦታው የእሱ ነው ተባለ። ይህን ምን ትሉታላችሁ? አልተቀነሰም፣ አላረፈም።

የለንደኗ፦
የሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበራ። «ባለቤቱ መጣ፣ ተነሣ» ነው። ሠርግ ቤት የሚደርስብን።

ሌላ ላምጣላችሁ፤ ይሄኛው ቃሉ ራሱ ያስቃል። ቀኑ ሊመሽ ጥቂት ሲቀር አንድ መቺ ከወጣ ቡድኑ ቀጣዩን ጎበዝ መቺውን በጨለማ አይልክም። መምታት የማይችል ወርዋሪ ይላካል፤ እስኪነጋ ቆሞ እንዲጠብቅ። ስሙ «የሌሊት ዘበኛ»።

ጋሽ ፊደል፦
ዘበኛ! ይህንንስ ሳይተረጎም ወሰድኩት። ካፖርትና ዱላ ብቻ ነው የጎደለው።

የለንደኗ፦
ዱላውስ አለው ጋሼ። አውስትራሊያዊው ጊለስፒ በ2006 ሚያዝያ ባንግላዴሽ ውስጥ ቺታጎንግ ላይ ዘበኛ ሆኖ ገባ። ነጋ፣ አልወጣም። ዋለ፣ አልወጣም። ሳይወጣ 201 መታ፤ ሁለት መቶ የሞላውም 31ኛ የልደት ቀኑ ላይ ነው። ዘበኛው ቤቱን ወረሰው።

የአሰላለፍ ነገር ካነሣችሁ አይቀር፣ ከዚያ ጨዋታ በኋላ ጊለስፒ ለቴስት አንድም ቀን አልተሰለፈም። ዋና ሥራው መወርወር ነበርና ወርዋሪ ሲፈልጉ ሌሎችን ጠሩ።

ተጠባባቂ፦
ቤት የወረሰ ዘበኛ ተሰናበተ? ስሜን ለዚህ ነው «ተጠባባቂ» ያልኩት።

ግስ አርቢ፦
ሳናውቀው የምንጠቀምበት የክሪኬት ቃል ይኖር ይሆን?

የለንደኗ፦
ሐትሪክ። በ1858 ሼፊልድ ላይ አንድ ወርዋሪ በተከታታይ ሦስት ኳስ ሦስት መቺ አስወጣ፤ ተመልካቹ ገንዘብ አዋጥቶ ባርኔጣ ገዛለት። «ሐት» ያው ባርኔጣው ነው። እግር ኳስ ሲዋሰው «በተከታታይ» የሚለውን ጣለው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ፣ በእረፍት ዋዜማና በጭማሪ ሰዓት ያገባም ሐትሪክ ሠራ ይባላል።

የሻርጃው፦
መጀመሪያ ላይ በቅንፍ ያልኳትን «በቃን» ላንሣት። አምበሉ የቡድኑን ተራ በፈቃዱ ሲያቆም እንግሊዝኛው «ዲክሌር» ይላል፤ ማወጅ እንደማለት። «አወጀ» ካልኩ ጦርነት ወይ ጾም ነው የሚመስለው፤ እኔ «በቃን አለ» ነው የምለው።

ግን አንድ ሰው አስቸግሮኛል። በ2025 ሐምሌ ቡላዋዮ ላይ ደቡብ አፍሪካ ዚምባብዌን ስትገጥም ተተኪው አምበል ሙልደር ራሱ ሳይወጣ 367 ደርሶ ነበር። የዓለሙ ክብረ ወሰን የዌስት ኢንዲሱ ብራያን ላራ 400 ነው፤ በ2004 አንቲጓ ላይ የተመታ። ለመብለጥ 34 ሩጫ ብቻ! ጊዜም ሞልቶ ተርፎት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ «በቃን» አለ። ሲጠየቅ፣ ላራ ትልቅ ሰው ነው፣ ክብረ ወሰኑ በእሱ እጅ መቆየቱ ተገቢ ነው የሚል መልስ ሰጠ። ይህ «በቃን» የትኛው ነው?

ግስ አርቢ፦
አክብሮት። ሌላ ስም አያሻውም።

ተጠባባቂ፦
ላራ ግን በኋላ «መቀጠል ነበረብህ» እንዳለው ሙልደር ራሱ ተናግሯል።

ጋሽ ፊደል፦
እንዲያ ከሆነ ይሉኝታ ነው። ቃሉን ፍቱት፤ «ይሉኛል»። ይለኛል የተባለው ሰው ግን አላለውም።

ግስ አርቢ፦
ጋሼ፣ ይሉኝታ ሰው እንዳያማህ ነው። ይህ ልጅ የፈራው ሐሜት አይደለም፤ ወንበሩን አይቶ ለባለቤቱ ተወለት። ናየርን ያስነሡት ሌሎች ናቸው፤ ይሄኛው ሳይባል ተነሣ።

ጋሽ ፊደል፦
ባለቤቱ «ተቀመጥ» እያለው?