ኃይሉ ከውሃ ከመነጨ መቆጠብ ለምን ያስፈልጋል? ከባሃኢ ቤተሰብ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ (ከአዳማ ነዋሪ)

ውድ ወዳጆች፣ በቤታችን አንድ ክርክር ስለ ተነሣ አስተያየታችሁን እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔና ባለቤቴ ባሃኢዎች፣ ማለትም የባሃኢ ሃይማኖት ተከታዮች ነን። ባለቤቴ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ፣ ጭስ የሌለውን ኃይል መቆጠብ የወር ሒሳብ ከመቀነስ ያለፈ ትርጉም የለውም ይላል። ታላቋ ልጃችን በበኩሏ በታዳጊ ወጣቶች ቡድን ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ከተወያዩ ወዲህ ሰው ከክፍል በወጣ ቁጥር እየተከተለች መብራት ታጠፋለች፤ ታናናሾቿንም ትቆጣለች። በእምነታችን እይታ ኃይል መቆጠብ ግዴታ ነው ወይስ ለየቤቱ የተተወ ምርጫ?

መልስ 1 (ከአዲስ አበባ፣ ባሃኢ)

እህቴ፣ ስለ መብራትና ስለ ምድጃ በዝርዝር የሚደነግግ ሕግ የለንም፤ ባይኖረንም ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ያለን መርሕ ነው። የእምነታችን መሥራች ባሃኡላህ ማናቸውም ነገር፣ ሥልጣኔም ጭምር፣ ከልክ ካለፈ በጎነቱ ቀርቶ ጉዳት እንደሚያመጣ አስተምሯል። የባሃኢዎች የበላይ አስተዳደር አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ቤትም እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2017 ለዓለም ባሃኢዎች በላከው ደብዳቤ፣ አማኝ በሸማችነቱም ሆነ በአምራችነቱ፣ በአሠሪነቱም ሆነ በተቀጣሪነቱ የሚያደርገው እያንዳንዱ ምርጫ አሻራ ትቶ እንደሚያልፍ አስገንዝቧል። ስለዚህ «ግዴታ ወይስ ምርጫ» ብሎ መክፈሉ ብዙ የሚያስኬድ አይመስለኝም፤ ምርጫው የእኛ ሆኖ ሳለ ተጠያቂነቱም የእኛው ነውና።

የባለቤትዎ ክርክር ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ልከኝነት በባሃኢ ትምህርት ውስጥ ከብክለት ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ ከፍትሕም ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ባሃኡላህ ልጅ ስለ አብዱልባሃ ከሚተረኩት ታሪኮች መካከል፣ ለእርሱ ውድ ካባ ሊገዛለት ሲታሰብ በዚያው ዋጋ አምስት ተራ ካባዎች እንዲገዙ አድርጎ፣ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ አራቱን ለሌሎች መስጠቱ ይነገራል። ቁምነገሩ አራት ሰዎች መልበሳቸው ነው። ኃይል ስንቆጥብም መጠየቅ ያለብን እኛ ያልተጠቀምንበት ለማን ይደርሳል የሚለውን ነው።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ቅንዓቷ ደስ ያሰኛል፤ ቁጣዋ ግን በምክክር ቢተካ መልካም ነው። ቤተሰቡ ተቀምጦ ይምከር፤ ታናናሾቹም ሐሳብ ይስጡ።

መልስ 2 (የኤሌክትሪክ ባለሙያ)

እኔ ባሃኢ አይደለሁም፤ ስለ ሙያው ብቻ ልናገር። «ለማን ይደርሳል» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በጣም ቅርብ ነው፤ ከእናንተ ጋር ከአንድ ትራንስፎርመር ኃይል ለሚያገኘው ጎረቤት ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መስመሩ ይጨናነቅና መብራቱ ይደክማል፣ የአንዱ ቤት ፍሪጅ መነሣት ያቅተዋል፣ አንዳንዴም ፊውዙ ይበጠስና መንደሩ በሙሉ ጨለማ ይሆናል። የግድቡ ትልቅነት ይህንን አይፈታውም፤ ችግሩ ያለው ትራንስፎርመሩ በተሰቀለበት የሰፈሩ ምሰሶ ላይ ነው።

ከውሃ ይመነጫል ማለትም አያልቅም ማለት አይደለም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በማነሱ በመላ አገሪቱ ኃይል በፈረቃ መታደሉን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ግድቡ ሞልቶ ካልፈሰሰ በቀር፣ ዛሬ ያልተጠቀሙበት ኃይል በግድቡ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይጠብቃል።

ስለ አምፖሉ ደግሞ ልጅዎ ትንሽ ቅር ይላት ይሆናል። ለአንድ ሰዓት ተኩል እንጀራ መጋገር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አንድ ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ግን በየምሽቱ 5 ሰዓት ቢበራ ይህን ያህል የሚፈጀው በ100 ምሽት ነው። ስለዚህ ትኩረታችሁን ወደ ምጣዱና ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ወደሚውለው የሻወር ቦይለር አዙሩ። ምጣዱ የመጀመሪያው እንጀራ ከመጋገሩ በፊት ከአሥር ደቂቃ በላይ ተሰክቶ የሚቆየው ሸክላውን ለማጋል ነው፤ ይህ ሙቀት ለአሥር እንጀራም ለሠላሳም ያው ስለሆነ፣ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ መጋገር ብክነት ነው። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ግለት ማውጣት ይቻላል። ሸክላው የተሰነጠቀ፣ ከሥሩም ጀሶው የረገፈ ከሆነ ግን አስጠግኑት፤ አደገኛም ነው።

መልስ 3 (ከምሥራቅ ጎጃም፣ መምህር)

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ውይይት መስመር የገባላቸው ሰዎች ውይይት ነው። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ገደማው ኤሌክትሪክ አያገኝም። በማስተምርበት ቀበሌ እናቶች በሦስት ጉልቻ ላይ እየጋገሩ ዓይናቸው በጭስ ይጠፋል፣ ሴቶች ልጆችም እንጨት ሲለቅሙ ከትምህርት ይቀራሉ። «ቆጥቡ» ተብሎ ቢሰበክላቸው ምን ይላሉ? እዚህ ያለው ቁጠባ «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ነው፤ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል፣ ጭሱንም ይቀንሳል። ስለ ፍትሕ ካነሣችሁ፣ ከተማ ውስጥ ባተረፋችሁት ገንዘብ ለአንድ ቤተሰብ ምድጃ መግዛት አምፖል ከማጥፋት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ተሰብስበን መከርን። መምህሩ የጻፉትን ልጄ ጮክ ብላ ስታነብ ባለቤቴ ክርክሩን ተወው፤ በየወሩ ከሒሳቡ የሚተርፈውን ለምድጃ መግዣ እንድናጠራቅም ሐሳብ ያቀረበውም እርሱ ነው። ቦይለሩ ከመታጠባችን ግማሽ ሰዓት በፊት ብቻ እንዲሰካ ተስማምተናል። ከጎረቤቴ ጋር ደግሞ ረፋድ ላይ በአንድ ምጣድ ተከታትለን ለመጋገር ተነጋግረናል። የቸገረን ሒሳቡ ነው፤ ሁለታችንም በእኔ ቆጣሪ ከጋገርን ክፍያውን እንዴት እንካፈላለን?

የኤሌክትሪክ ባለሙያው

ታሪፉ በእርከን የሚጨምር ስለሆነ ሁልጊዜ በአንድ ቆጣሪ ከጋገራችሁ ወደ ውዱ እርከን ትገባላችሁ፤ በግማሽ መካፈሉም ያከራክራችኋል። አንድ ሳምንት በእርስዎ ቤት፣ በሚቀጥለው በእርሷ ቤት አድርጉት።