የፊልም እቁብ ፕሮፖዛል፦ እስከ እሁድ ሐሳባችሁን አስገቡ

ጸሐፊዋ፦ እሁድ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ይህ ነው። ባለፈው ስብሰባ እንደቆጠርነው ከ22ቱ ቤት 9ኙ ያንኑ አንድ የልጆች ፊልም ለየብቻ በዲጂታል ገዝተዋል። አንዱ 20 ዶላር ነው። 180 ዶላር ለአንድ ፊልም አወጣን ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የገዛውን ፊልም ይመዘግባል፣ ሊገዛ ያሰበ መጀመሪያ ዝርዝሩን ያያል፣ ካለ ተውሶ ያያል። ስሙን የፊልም እቁብ ብዬዋለሁ። ለማስጀመሪያ ከካዝና 400 ዶላር እንጠይቃለን። ፓስወርድ መስጠት የሚባል ነገር ግን የለም። የአምናው ይበቃናል።

የመንትዮቹ እናት፦ አምና ያልሽው እኔን ነው፣ ይሁን። ለ6 ቤት ፓስወርዴን ሰጠሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አካውንቱ ተቆለፈ። 40 ምናምን ፊልም እዚያ ውስጥ ነበር፣ ሁሉንም በገንዘቤ የገዛሁት። ልጆቹ ፒጃማቸውን እንደለበሱ ቲቪው ፊት ተቀምጠው፣ እኔ ስልክ ይዤ ሙዚቃ እየሰማሁ ስጠብቅ ቀኑ አለቀ። እስኪከፈት 3 ሳምንት ፈጀ። ከ6ቱ ቤት አንድ ሰው እንኳ ደውሎ ምን ሆንሽ አላለኝም። ስለዚህ ሕጋዊ መንገድ ካለ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፣ ከሌለ ግን እኔን አታስገቡኝ።

የአሌክሳንድሪያው፦ አለ። ቤተሰብ ለሆነ የአፕል ፋሚሊ ሼሪንግ አለ፣ የገዙትን በቤተሰብ መጋሪያ። ቡድኑን ከከፈተው ሰው ሌላ 5 ሰው ይገባል። የጉግልም 6 ሰው ነው። ቤተሰብ ላልሆነ ደግሞ ሙቪስ ኤኒዌር አለ፣ ከ2017 ጀምሮ የሚሠራ፣ ከተለያየ ሱቅ የገዛችሁትን አንድ ቦታ የሚሰበስብ። እሱ ላይ ስክሪን ፓስ የሚባል ነገር አለ። በወር 3 ፊልም ለወዳጅህ ትልካለህ። የተላከለት በ7 ቀን ውስጥ መቀበል አለበት፣ ማየት ከጀመረ በ72 ሰዓት ይዘጋበታል። ሁሉም ፊልም አይላክም። የሶኒ፣ የዩኒቨርሳልና የዋርነር ብዙው ይሄዳል። የፓራማውንትና የላየንስጌት የለበትም። 22 ቤት በ3 አባዙት፣ በወር 66 ውሰት ነው። ዝርዝሩን በኤክሴል እኔ እሠራዋለሁ፣ እስከ ሐሙስ።

የዊተኑ ጋሼ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ስሙ ግን ይውጣ። እቁብ ብር ይጣልበታል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው። የደረሰው ሰው ብሩን ይዞ ቤት ይገዛበታል፣ ልጅ ይድርበታል። ይህ ፊልም መዋዋስ ነው። እቁብ አትበሉት።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ በየተራ ይደርሳል ለማለት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

የዊተኑ ጋሼ፦ በየተራማ ቡና መጠራራትም አለ። እቁብ ይባላል?

ታክሲው፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ባለቤቴ "እቁብ" የሚለውን አይታ ስንት ነው የምንጥለው ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ያሳስታል።

የመንትዮቹ እናት፦ ወንፈል በሉት። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን።

ታክሲው፦ ወንፈል የእርሻ ነው። እዚህ ያደጉት ልጆች ምኑንም አያውቁትም።

የመንትዮቹ እናት፦ እቁብንስ ያውቁታል?

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ስሙ ስታወሩ የ400 ዶላሩን ጥያቄ የነካው ሰው የለም። ለምንድነው 400? የሚዋዋሱት የገዙትን ነው ከተባለ ምን ወጪ አለው?

የዊተኑ ጋሼ፦ አየህ፣ እቁብ ስትሉት ነው ብር የሚመጣው።

ጸሐፊዋ፦ 400ው ማንም ቤት የሌሉትን ፊልሞች በማኅበሩ ስም ለመግዛት ነው። ስሙን ብቻ ይዛችሁ አትንጠልጠሉ እባካችሁ። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ነው የጻፍኩት።

የዊተኑ ጋሼ፦ እኔ የምንጠለጠለው ምክንያት ስላለኝ ነው። በ2019 በእቁባችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። 11 ወር ጥዬ ዕጣዬ ሳይደርሰኝ ተበትኗል። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ይቅርታ አላለኝም። አሁን ያንኑ ስም ለካርቱን ፊልም ስታውሉት ያመኛል። ሌላ ነገር የለኝም።

ታክሲው፦ ጋሼ፣ ያኔ ሰብሳቢው ማን እንደነበርም ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ እዚህ ስለ ገንዘብ የሚጠይቀን ሰው ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ስሜን ጥራና ተናገር። የጠፋውን ከኪሴ 1,800 ዶላር ሞልቻለሁ፣ ደረሰኙ አለ። ሁለት ዋስ ጠፍቶ ነው የተበተነው። ዳግመኛ እንዲህ ብትጽፍ ካዝናውን ለጉባኤው አስረክቤ እሄዳለሁ።

የሌሊት ፈረቃ፦ ኧረ በእመቤቴ ተዉ። ስለ ፊልም ነበር እኮ። ስለ 72 ሰዓቱ ልናገር፣ የሞከርኩት እኔ ስለሆንኩ። ከሥራ ባልደረባዬ ስክሪን ፓስ ተላከልኝ። ዓርብ ማታ ከልጄ ጋር ጀመርነው፣ ግማሹ ላይ አንቀላፋች። ቅዳሜና እሁድ ደብል ፈረቃ ነበረኝ፣ አዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፣ 16 ሰዓት ቆሜ ነው የምውለው። ሰኞ ማታ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ከፈትኩላት፣ ተዘግቷል። ልጄ እኔ የደበቅኩባት መስሏት አኮረፈች። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው 72 ሰዓት ምንም ማለት አይደለም። ይህ ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍ፦ ቀኑን ሳታዩ ፊልሙን አትጀምሩት።

ታክሲው፦ ይቅርታ፣ ከላይ ያልኩት ይነሳ። ደክሞኝ ነው የጻፍኩት።

ገንዘብ ያዥ፦ ተነስቷል።

አዲስ አባል፦ እኔ አዲስ ነኝና ካጠፋሁ አርሙኝ። ለምን ሁላችንም አንድ ፋሚሊ አንከፍትም? 6 6 ሆነን 4 ፋሚሊ።

የአሌክሳንድሪያው፦ አይሆንም። ፋሚሊ ሼሪንግ ለቤተሰብ የታሰበ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ፋሚሊ ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው፣ መቀየር የሚችለውም በዓመት አንዴ ነው። ግዢ መጋራቱን ከከፈታችሁት ደግሞ ሌላው የሚገዛው ቡድኑን ከከፈተው ሰው ካርድ ነው የሚቆረጠው። የወንድሜ ልጅ ሁለት ሲዝን ገዝቶ 60 ዶላር ከእኔ ካርድ ሄዷል። ቤተሰቤ ነው፣ ቻልኩት። ታክሲው ቢገዛብኝ እንጣላለን።

የዊተኑ ጋሼ፦ ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን? እኔ ምድር ቤት 2 ሳጥን ዲቪዲ አለኝ። ሰው ሲጠይቀኝ እሰጣለሁ፣ አይቶ ይመልሳል። ማን ምን አለኝ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ምንም አይሉዎትም ጋሼ። ዲቪዲ ከገዙት ዕቃው የእርስዎ ነው፣ ማዋስም መሸጥም ይችላሉ፣ የአሜሪካ የኮፒራይት ሕግ አንቀጽ 109 ይፈቅዳል። ዲጂታሉ ግን እንደዚያ አይደለም። የምንገዛው የማየት ፈቃድ ነው። በ2018 ኒው ዮርክ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የገዙትን የሙዚቃ ፋይል መልሶ መሸጥ አይቻልም ብሏል። ካሊፎርኒያም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሱቆቹ "ግዛ" ሲሉ ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ አላት። የገዛነውን ዲጂታል ፊልም የምናስቀምጥበት አልትራቫዮሌት የሚባለው ትዝ ይላችኋል? ጁላይ 31፣ 2019 ተዘጋ። ኮዳችንን ወደ ሌላ ሱቅ ለማዛወር ስንሯሯጥ ነበር።

የመንትዮቹ እናት፦ እንግዲያው ለምንድነው ዲጂታል የምንገዛው? ዲቪዲ እንግዛ! የልጆቹን በ5 ዶላር ያገለገለ አገኛለሁ።

የሌሊት ፈረቃ፦ እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። ዲቪዲ ሰዓት አይቆጥርብኝም።

ጸሐፊዋ፦ ሐሳቡ ግን ያለን ዲጂታል እንዳይባክን ነበር።

ታክሲው፦ ዲቪዲ ማጫወቻ ስንት ሰው አለው?

የመንትዮቹ እናት፦ የእኔ መኪና ውስጥ አለ።

ታክሲው፦ እንደዚያ ከሆነ አዳራሹን ይዘን፣ ፕሮጀክተር ገዝተን፣ በወር አንዴ ልጆቹን ሁሉ ሰብስበን እናሳያቸው። 400ው ፕሮጀክተር ይገዛል። አንዱ የገዛውን ፊልም ሁሉም ያያል፣ የውሰቱ ጣጣም ያልቃል።

አዲስ አባል፦ ይህ ያምራል። ፈንዲሻ በእኔ።

የአሌክሳንድሪያው፦ እዚህ ላይ ቁሙ። በነጻ ብናሳይም አዳራሽ ውስጥ ማሳየት ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። ሕጉ የሚለየው እንዲህ ነው፦ ቤትህ ውስጥ ቤተሰብህና ወዳጆችህ ከሆኑ ችግር የለም። ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጅ ውጭ የሆነ ብዙ ሰው ከተሰበሰበ ለሕዝብ ማሳየት ይባላል። ሕጉ የሚለው ይህንን ነው፣ የገዛኸው ዲጂታል ይሁን ዲቪዲ ለውጥ የለውም። ለዚያ ስዋንክ ወይም ኤምፒኤልሲ የሚባሉትን ፈቃድ ሰጪ ድርጅቶች ነው የምትጠይቀው፣ ገንዘብ አለው።

የመንትዮቹ እናት፦ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት አለን አይደል? ትምህርት ነው እንበል።

የአሌክሳንድሪያው፦ ለትምህርት የተፈቀደ አለ፣ ግን ክፍል ውስጥ አስተማሪው ፊት ለፊት ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች ነው፣ ተቋሙም ለትርፍ ያልቆመ የትምህርት ተቋም መሆን አለበት። ወላጅ፣ አክስት፣ ጎረቤት ተጠርቶ ፈንዲሻ እየበላ ትምህርት ነው ማለት አያዋጣም። ደግሞም የአማርኛ ትምህርት ላይ እንግሊዝኛ ፊልም ልናሳያቸው ነው?

የዊተኑ ጋሼ፦ አሁን ቁም ነገር ተናገርክ። ልጆቹ ከእኔ ጋር ሲያወሩ ሦስት ቃል አማርኛ፣ ሠላሳ እንግሊዝኛ ነው። የሚታየው የአማርኛ ፊልም ይሁን። 2ኛው ሳጥን ውስጥ አሉኝ፣ ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት።

ገንዘብ ያዥ፦ ለእንቁጣጣሽ አንድ የአማርኛ ፊልም እናሳይ ከተባለ እኔ 400ውን እደግፋለሁ። ግን የፊልሙን ባለቤት በደብዳቤ እናስፈቅድ። ፊልም ሠርቶ በየሱቁ የተቀዳበት ሰው አውቃለሁ፣ ቤቱን ሸጦ ነው የሠራው። ኢትዮጵያም የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 (ዓ.ም.) አለ፣ መብቱ የእሱ ነው። 400ውን ለእሱ እንክፈለው። ፕሮጀክተር እንከራያለን።

የሌሊት ፈረቃ፦ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ማንም አይንካብኝ፣ እረፍቴ ማክሰኞ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ስለዚህ ፕሮፖዛሉን እንደገና ልጻፈው? የእንቁጣጣሹ ፊልም 1ኛ፣ የዲቪዲው ሳጥን 2ኛ፣ ስክሪን ፓስ 3ኛ? የኤክሴሉ ነገርስ? ዛሬ ዓርብ ነው።

ታክሲው፦ የአሌክሳንድሪያው ከሐሙስ ወዲህ ድምፁ የለም።

የመንትዮቹ እናት፦ ደወልኩለት፣ አያነሳም። የእኔን 40 ፊልም በደብተር ጽፌያለሁ፣ ፎቶውን እልካለሁ። የሚላኩትን በኮከብ ምልክት አድርጌያለሁ፣ 26 ናቸው። መዋስ የፈለገ በስልኬ ይጻፍልኝ። በወር 3 ብቻ ነው የምልከው፣ ቅድሚያ ለሌሊት ፈረቃ ልጅ።

የሌሊት ፈረቃ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የሚቀጥለው ዓርብ ላኪልኝ፣ ቅዳሜና እሁድ እረፍት ነኝ።

ጸሐፊዋ፦ ስሙስ? ባዶውን ላቅርበው?

የዊተኑ ጋሼ፦ ውሰት በይው። ውሰት የተዋሰ ይመልሳል ማለት ነው።

ታክሲው፦ እኔ ወንፈል ነው የምለው አሁን።

ጸሐፊዋ፦ እሁድ ድምፅ ይሰጥበት። የዲቪዲውን ሳጥን ማን ያመጣል?

ታክሲው፦ ነገ ከ8 ሰዓት በኋላ ቫኑ ባዶ ነው። ጋሼ፣ ሳጥኑን በር ላይ ያውጡልኝ።

የዊተኑ ጋሼ፦ አልችለውም፣ ከባድ ነው። ሰው ይዘህ ና። ምሳ እዚሁ ትበላላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ አብሬው እመጣለሁ።