ትንንሽ ጡረታዎቼን ላጠቃልል ስል ሦስተኛው ቆመብኝ፤ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። እዚህ እንግሊዝ ከድሮ ሥራዎቼ የቀሩኝን ትንንሽ ፔንሽኖች አሁን የምሠራበት ቦታ ወዳለው ላጠቃልል ብዬ በአፕ ጀመርኩ። ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛው መጀመሪያ «መረጃው አይመሳሰልም» አለ፤ ዛሬ ደግሞ ወፍራም ፖስታ መጣ፣ ፈርመህ መልስ ይላል፣ ቀንም ቆርጠውበታል። ልፈርም? ቶሎ በሉኝ።

የለንደኗ፦ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርህን (እዚህ አገር ለሥራና ለጡረታ የምትታወቅበትን) እንደገና አስገባ። አንዲት ፊደል ከተሳተች አያልፍም።

ቆጣቢው፦ ሰው ሁሉ ላጠቃልል ይላል እንጂ ክፍያውን የሚያይ የለም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪዎች ሠራተኛን ጡረታ ውስጥ ማስገባት ቀስ በቀስ ግዴታ ስለሆነባቸው ሥራ በቀየርን ቁጥር አዲስ ሂሳብ ይከፈትልናል። እዚያ ሌላ ካልመረጥክ የምትገባበት ፈንድ ለአስተዳደር በዓመት ከ0.75 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም። ከዚያ በፊት የተከፈቱት ግን ሊበልጡ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በውል የተረጋገጠ ጥቅም አላቸው፣ አንዴ ካወጣኸው ቀረ። ሁለቱን ነገር ሳትጠይቅ አንድም ብር፣ ማለቴ አንድም ፓውንድ፣ አታንቀሳቅስ።

የማንችስተሩ፦ ለእኔ ማጠቃለሉ ራሱ አይዋጥልኝም። ከ10,000 ፓውንድ የማይበልጥ ሂሳብ ዕድሜህ ሲደርስ ሙሉውን በአንዴ ማውጣት ትችላለህ፣ ሩቡ ከታክስ ነፃ ነው። ማውጣት የሚቻልበት ዕድሜ ዛሬ 55 ነው፣ ከሚያዝያ 6 ቀን 2028 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 57 ይሆናል። ለምን ትቸኩላለህ?

ጠያቂ፦ ወንድሜ፣ አድራሻ በቀየርኩ ቁጥር አምስት ቦታ መደወል ሰልችቶኝ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አይቼዋለሁ።

ሳቂታው፦ ጡረታ ለመሰብሰብ መጀመሪያ ጡረታ መውጣት ሳያስፈልግ አይቀርም 😂

የለንደኗ፦ ቁጥሩን እንደገና እየው አልኩህ እኮ።

የሊድሷ፦ ልጆች፣ ስሙን እዩ! የእኛ ሰው አንዱ ጋ በአባቱ ስም፣ ሌላው ጋ በአያቱ ስም ነው የሚመዘገበው። «ገብረ» አንዱ ጋ ተነጥሎ፣ ሌላው ጋ ተያይዞ ይጻፋል። የልደት ቀንም ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ይዛባል። አዲሱን ድርጅት ተወውና የድሮውን ደውለህ «እናንተ ጋ ስሜ እንዴት ነው የተጻፈው?» በል። ፓስፖርትና የድሮ ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት) ላክላቸው፣ ያስተካክሉታል። አሁን የምትሠራበትን ሂሳብ ግን እንዳትዘጋው፤ አሠሪህ የሚጨምርልህ ገንዘብ የሚገባው እዚያ ነው። ለመሆኑ ሦስተኛው የየትኛው ሥራ ነው?

ጠያቂ፦ የካውንስል፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለቴ ነው። ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ።

የሊድሷ፦ እንዴ! ይሄን መጀመሪያ አትናገርም? በል እስክሪብቶህን አስቀምጥ። የካውንስል ጡረታ እንደሌሎቹ የተጠራቀመ ገንዘብ አይደለም። በአገልግሎት ዘመንህና በደመወዝህ ተሰልቶ ዕድሜ ልክህን የሚከፈልህ ነው፣ ከኑሮ ውድነቱ ጋርም እየተስተካከለ ያድጋል። አፑ ውስጥ ከከተትከው ይሄ ሁሉ ይቀርና የአክሲዮን ገበያው እንዳደረገህ ትሆናለህ። የዝውውር ግምቱ፣ ማለትም ጡረታውን ወደ ሌላ ብታዛውር ይሰጥሃል የሚሉት ገንዘብ፣ ከ30,000 ፓውንድ ከበለጠ ደግሞ ፈቃድ ያለው አማካሪ ካላማከርክ በሕግ አይለቁልህም። ቀን የቆረጡት ግምቱ የሚጸናው ለሦስት ወር ብቻ ስለሆነ ነው። ቢያልፍ ጡረታህ የትም አይሄድም፣ ባለበት ይቀመጣል።

ቆጣቢው፦ የተረጋገጠ ጥቅም ያልኩት እኮ ይሄንን ነው። መኒሄልፐር ደውል፣ የመንግሥት ነው፣ በነፃ ያስረዱሃል።

የማንችስተሩ፦ እኔም አትቸኩል ብዬ ነበር።

የሊድሷ፦ አንድ ነገር ቀረ። ካውንስሉ ጋ ሁለት ዓመት ሞልተህ ነበር? ካልሞላህ ነገሩ ሌላ ነው፣ ያዋጣኸውን መልሰው ሊሰጡህም ይችላሉ። ፖስታው ላይ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን አለ፣ እሱን አይተህ ጻፍልን።

የለንደኗ፦ ጠያቂ፣ አለህ?